ለእኔ የተተከለው ጎመን

መርዶ ይዘው ሲመጡ እኔ ስለ እግሬ አወራኋቸው።

ማለዳ ነበር፤ ዝናቡ ገና አላባራም። በሬ ተንኳኳና ጎረቤቴ ገባች፤ ከኋላዋ የማኅበራችን ሴቶች አምስት ስድስት ሆነው ጃንጥላቸውን ደጅ እያቆሙ ተከተሏት። እግሬ ካበጠ ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ግራ እግሬ በተደፋ ባልዲ ላይ፣ ከባልዲውም በላይ በትራስ ላይ ተቀምጧል፤ አውራ ጣቱ ቀልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። ሊጠይቁኝ የመጡ መሰለኝና ደስ አለኝ። ዛሬ ትንሽ ቀለል ብሎኛል፣ ትናንት ግን የአንሶላ ክብደት እንኳ አልቻልኩም ነበር እያልኩ በዝርዝር ነገርኳቸው። አንዷ እግዜር ይማርሽ ልትል ጀምራ ተወችው። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

«እትዬ፣ እግርዎን ዛሬ ይተዉት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነጠላቸውን ልብ ያልኩት። ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

እናቴ ካረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ወንድሜ ለጎረቤቴ ደውሎ፣ መነሣት ካልቻለች ቀብሩ እስኪያልፍ አታርዷት ብሏት ኖሯል።

አገሬ ጉራጌ ነው። መቱ የመጣሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ እዚህ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጀሪካኑንም ባልዲውንም ጆጉንም እኔው እሸጣለሁ። ሪህ የያዘኝ አምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጫማዬ የነከሰኝ መስሎኝ ጫማውን ለነዳያን ሰጠሁት። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ ዩሪክ አሲድ በዝቷል ሲለኝ ወሬው ገበያውን አዳረሰ። የቁርጥ ቤት በሽታ ነው፣ ይቺ ሴት ተደብቃ ነው የምትበላው ብለው ሳቁብኝ። እኔ ሥጋ የማየው በዓመት በዓል ብቻ ነበር።

ከክኒኑ ጋር ምግቤንም አዘዘልኝ። ሥጋ፣ ጉበት፣ ጠላና ጠጅ ይቅር፤ ምስርና ሽሮ ይቀነስ፤ ወተት፣ ጎመን፣ ድንች ይበሉ፤ ከሁሉ በላይ ውሃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ውሃ። ውሃ ሲያንስ አሲዱ አንጓ ውስጥ እንደ ጨው እየጠጠረ ይቀመጣል አለኝ። ገባኝ። ችግሩ የዓመቱ እኩሌታ ጾም መሆኑ ነው። ሐኪሙ የፈቀደልኝን ወተት ጾሙ ይከለክለኛል፤ ጾሙ የፈቀደልኝን ሽሮ ሐኪሙ። በሁለቱ መካከል የተረፈኝ ጎመን፣ ድንችና የዚህ አገር ጎደሬ ነው። ጎደሬ ቀቅዬ ስልጥ ጎረቤቴ እያየች፣ «እትዬ፣ ጃርት ሆኑ እኮ» ትለኛለች።

ለመጨረሻ ጊዜ አገሬ የገባሁት ለመስቀል ነው። እናቴ ክትፎውን በገዛ እጇ ሠርታ በኮባ ቅጠል አቀረበችልኝ። አይሆንልኝም፣ አይብና ጎመኑ ይበቃኛል አልኳት። ሐኪም ከለከለኝ ማለት በመስቀል ቀን፣ እሷ ቤት፣ ትርጉም አልነበረውም። ቅጠሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«መቱ ሄደሽ እጄን ተጸየፍሽው?»

ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ለእሷ ብዬ ነው የጎረስኩት፤ ደግሞም ጣፍጦኛል፣ አልዋሽም። በማግሥቱ እግሬ ተነሣብኝ። የበዓሉን ሳምንት መደብ ላይ ተጋድሜ ጨረስኩት። እናቴ ማንንም ሳታናግር ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ስትቀያይርልኝ ሰነበተች። ስትሸኘኝ ሁለተኛ ሥጋ አላቀርብልሽም አለችኝ።

መቱ ከተመለስኩ በኋላ ነው ወንድሜ በስልክ የነገረኝ። ከእንሰቱ አጠገብ ያለውን መሬት ቆፍራ ጎመን ተክላለች፤ ማንንም አታስነካም። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምታወራኝ ስለ ጎመኑ ሆነ። ዶሮ ገባበት፣ አጥር አጠርኩለት፣ ቅጠሉ ይህን ያህል ሰፋ። ያንቺ ነው፣ መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች።

መምጣቱ አልሆነልኝም። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል እግሬ ያብጣል፤ እግሬ ሲሽር መንገዱ ያሰጋል። እንዲህ ሲል አራት ዓመት ሄደ። ጎመኑ ሲያረጅ ሌላ ትተክላለች።

ባለፈው ዓመት ቆረጥኩ። ለእመቤታችን ተሳልኩ፦ ፍልሰታን እንደ ድሮዬ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ ሳልቀምስ ልጹምልሽ፤ አንቺ ደግሞ ለመስቀል ከእናቴ አገናኚኝ። የንስሐ አባቴ ከዚያ በፊት ፈትተውኝ ነበር፤ ውሃው መድኃኒትሽ ነው፣ ጠጪ ብለውኛል። ስለቱን ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው እንደሚከለክሉኝ አውቅ ነበር። አሁን ሳስበው ኃጢአቴ እሱ ነው።

ጎረቤቴ ቅመም ነጋዴ ናት፤ ከጅማ በኩል የመጣች ሙስሊም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የውሃ ጆግ እንደሞላ መዋሉን ያየችው እሷ ናት። በየሰዓቱ ብቅ እያለች ቢሻን ዱጋ ትለኛለች፤ ውሃ ይጠጡ ማለቷ ነው። ጾም ነው ስላት፦

«እኔ ረመዳን ላይ ብታመም አፈጥራለሁ። የእርስዎ ፈጣሪ ከእኔው ይከፋል እንዴ?»

ሳቅሁ። አልጠጣሁም።

በጾሙ ስምንተኛ ቀን እግሬ ተነሣ። በዘጠነኛው ወንድሜ ደወለ። እናታችን ትንሽ አሞኛል ብላ ተኝታለች፣ ስምሽን ትጠራለች አለኝ። ትንሽ የሚለውን ቃል እሱም አላመነው፣ እኔም አላመንኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ ደግፋ ሚኒባስ ላይ አወጣችኝ። ጫማ ስለማይገባልኝ እግሬን በጨርቅ፣ ከላይ በፌስታል ጠቀለልነው። ከመቱ በደሌ፣ ከበደሌ ጅማ፣ ከጅማ ወልቂጤ፤ በልቤ ቆጠርኩት። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጸሎቴ ይቋረጣል። ሁሩሙ ስንደርስ ገበያተኛ ተጫነ። አንድ ሰውዬ የማር ጀሪካኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ ብሎ እግሬ ላይ አሳረፈው። ከአፌ የወጣውን ድምፅ የእኔ ነው ለማለት አፍራለሁ። ሰውዬው ደንግጦ በኦሮምኛ ይቅርታ ይለምነኛል፤ ከኋላ አንዱ፣ ይቺ ሴት ጅማ ሳንደርስ ትሞትብናለች ይላል።

ወረድኩ። ማንም አላስወረደኝም። ሾፌሩ እንዲያውም የፊቱን ወንበር ላስለቅቅልሽ ብሎኝ ነበር። በራሴ አፍ አውርደኝ አልኩት።

ማር ሻጮቹ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ የታሸገ ውሃ ገዛሁ፤ እስኪያልቅ ጠጣሁት። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ስለቱም ፈረሰ፣ መንገዱም ቀረ። ወደ መቱ በሚመለስ መኪና ተመለስኩ። እናቴ ያረፈችው ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ወገቤን ታጥቄ ችዬው ቢሆን ኖሮ በሕይወት እደርስባት ነበር። ይህን ሰው አላሰላልኝም፤ እኔው ነኝ ያሰላሁት።

መርዶው በተነገረኝ ማግሥት ወንድሜ ደውሎ ቀብሩን ተረከልኝ። ሰዉ ብዙ እንደነበር፣ ዝናቡ እንደታገሠላቸው ነገረኝ። ከዚያ፣

«ጾም ስለሆነ አልተቸገርንም፤ ለለቀስተኛው የጓሮውን ጎመን ቀጥፈን አበሰልን። በቃን፣ እንዲያውም ተረፈ» አለኝ።

ክፉ አስቦ አይደለም። ሊያጽናናኝ ነው። ጎመኑ የማን እንደነበር በዚያ ግርግር ውስጥ ረስቶታል።

አርባዋን እዚሁ አስቀደስኩ። ጆጉን አሁን ከጠዋት ጀምሬ እጠጣለሁ፤ ጎደሬዬን እበላለሁ፣ ክኒኔን አላዛንፍም። ጎረቤቴ ጆጉ ሲጎድል እያየች መልሳ ትሞላልኛለች፤ ብትቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር። ለመስቀል እብጠቱ ጠፍቶ ጫማዬ ገባልኝ። ጫማውን አድርጌ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፣ ቆየሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። መንገዱም ያን ሰሞን ሰላም ነበር።

በዚያ ቀን ከእናቴ ደጅ የተቀመጣችሁ ዘመዶቼ፣ በእኔ ፈንታ ቆማችሁ ቀብራችኋታልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበላችሁት ጎመን ለእኔ የተተከለ ነበር። አልቀየማችሁም፤ እሷም ብትኖር እናንተን ሳታበላ አትሰድም ነበር። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ቅጠሉ ቢያልቅም ግንዱ አለ። ጓሮውን ለሌላ ነገር ስትፈልጉት ግንዱን አትንቀሉት። መጥቼ እበላዋለሁ ብዬ አይደለም። እሷ በቆፈረችው መሬት ላይ፣ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ድረስ ይቁምልኝ።