እንደ ጠፋ በሬ የተፈለገው ሚኒባስ

ሳቢሃ መጀመሪያ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታስገባለች። ቀጥላ የግራውን የፊት ጎማ ብሎኖች ገና መሬት ላይ እንዳለ ሩብ ዙር ታላላለች፤ አንዴ ከተነሣ እንደሚሽከረከርባት ታውቃለች። ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ታስጠጋለች፣ ታነሣለች፣ የብረት መደገፊያ ታቆማለች፣ ጎማውን ስባ ታወጣለች። ከዚህ በኋላ ጓንቷን አውልቃ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ጥቁር የጎማ ቱቦ በባዶ እጇ ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያውን ትዳብሳለች። ጭቃ ዓይኗን ሊያታልላት ይችላል፤ ጣቷን ግን ታምነዋለች።

ያን ቀን ጣቷ ቱቦው መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ። ላስቲኩ ተበልቶ አልቆ ክሩ ወጥቷል።

ነገሩ የሆነው ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ መውጫ ካለው ጋራዥዋ ነው። አባቷ በገበያው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ ግን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶ መካኒክ ተመርቃ ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ የሴት እጅ ብሎን አያጠብቅም ያሏት ሾፌሮች፣ ዛሬ ሌላው ያጠበቀውን እንድታይላቸው ይሰለፋሉ።

ሚኒባሱ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሾፌሮች ወዲያው ጨዋታውን ያዙት። የድሮው መኪና አርባ ዓመት ተራራ ወጥቶ ወርዶ ዛሬም እህል ይጭናል፤ የዘንድሮው ገና የመቀመጫው ላስቲክ ሳይላጥ ይታመማል አሉ። ሳቢሃ በግማሹ ተስማማች። የድሮውም ይሰበር ነበር፤ ልዩነቱ ሊሰበር ሲል በድምፅ ይናገራል። የአሁኑ ዳሽቦርዱ ላይ አሥር መብራት ደርድሮ ዋናውን ነገር አይነግርህም አለቻቸው።

ፎቶ አንሥታ አዲስ አበባ ላለው አስመጪ ላከች። መልሱ ከወንበሯ አስነሣት። ለካ ነገሩ ይታወቃል። ቱቦውን የሚይዘው ብረት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ስለተበየደ፣ መሪው ወደ ግራ ሙሉ ሲዞር ቱቦው ጎማውን ይነካል። አምራቹ መኪኖቹን ለእርማት መልሶ ጠርቷል፤ ደብዳቤውም ለገዢዎቹ ተልኳል። የተላከው ግን ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ሸጠውታል። ወደ ምዕራብ ጎጃም የገቡት ሰባት፣ ሁሉም ነጭ ናቸው። ሳቢሃ የሻንሲ ቁጥራቸውንና ሰባት መለወጫ ቱቦ ከነመያዣው አስላከች።

ከሾፌር ሾፌር እየደወለች በሁለት ሳምንት የመጀመሪያውን ጨምሮ ስድስቱን አገኘች። የስድስተኛው ቱቦ በሁለት ክር ብቻ ተይዞ ነበር። ሰባተኛው ሦስት ጊዜ ተሽጧል፤ በቡሬ በኩል ይሠራል ከመባሉ በቀር ወሬው የለም። አንዷ ቱቦ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሳቢሃ ባየቻት ቁጥር ከቡሬ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ይታያታል።

ቅዳሜ ከብት ተራ ሄደች። አያ ደረሰ የጠፋ ከብት ምልክት በገበያ እየለፈፉ የሚያፈላልጉ ሰው ናቸው።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?»

«ሚኒባስ ነው፣ አያ ደረሰ።»

«ሣሩን ሲጠግብ ራሱ ይመጣልሻላ» ብለው ሳቁባት። መቀለዷ አለመሆኑን ሲያዩ ግን ምልክቱን ጠየቋት። ነጭ ነው አለቻቸው።

«ቀለሙን ተይው። በቅሎ የሰረቀ እንኳ ቀለም ይቀባል። አረማመዱን ንገሪኝ።»

ሳቢሃ ክው አለች። ስድስቱም ወደ ግራ ዞረው ወደ ጋራዡ ሲታጠፉ የመያዣው ብረት ቸርኬውን እየፋቀ ሲያቃስት ሰምታለች። ስድስት ጊዜ ሰምታ ምልክት መሆኑ አልታያትም ነበር።

አያ ደረሰ ወደ ግራ ሲዞር የሚያቃስት ሚኒባስ የሰማ ለሳቢሃ እንዲደውል ገበያውን አዳረሱት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላሙ ተደገመ፤ በቡሬ መንገድ እስካለችው ማንኩሳም ደረሰ። የሳቢሃ ስልክ ፋታ አጣ። የሚያቃስት ባጃጅ አመጡላት፣ የሚያቃስት ወፍጮ ጠቆሟት። አንዱማ አማቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞሩ ስለሚያቃስቱ ያምጣቸው እንደሆን ጠየቃት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከቡሬ መናኸሪያ ዓባይነሽ የምትባል ቲማቲም ሻጭ ደወለች። «ሰማያዊ ነው ልጄ፤ ግን ሲዞር ያቃስታል። ወደ ዓባይ ሊወርድ ሰው እየጫነ ነው።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ እስክደርስ ያዙልኝ።»

ቱቦዋን ከሚስማሩ አውርዳ፣ መፍቻዎቿን በጀርባዋ አዝላ በሞተር ሳይክል ከነፈች።

ዓባይነሽ በበኩሏ የቲማቲም ሣጥኗን ከጎማው ፊት አስቀምጣ ላዩ ላይ ቁጭ አለች። ሾፌሩ ያረጋል ለመናት፣ ተቆጣ፣ ሞተር አስነሣ።

«እትዬ፣ ይነሡ፤ ቲማቲሙን እንዳልጨፈልቅብዎ።»

«ጨፍልቀው፤ ለወጡ ይቀለኛል።»

ሳቢሃ ስትደርስ ተሳፋሪው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያጉረመርማል። ያረጋል የሚፈለገው ነጭ እንደሆነ ሰምቷልና የእሱ ሰማያዊ መሆኑን አሳያት። የበሩን ላስቲክ ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ ነጭ ወጣ። የሻንሲው ቁጥርም ከያዘችው ጋር ገጠመ። ትናንትም ወርዶ በሰላም መውጣቱን ነገራት። አልተከራከረችውም፤ ሰው ሁሉ እንዲወርድ አደረገች።

«ግባና ባለህ ኃይል ፍሬኑን ርገጥ። እዚሁ እንደቆምክ።»

ረገጠ፤ ምንም የለም። ደገመ፤ አሁንም ምንም፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ላይ ቱቦው ጧ አለ። ዘይቱ ተፈናጥሮ የሳቢሃን እጅጌና የዓባይነሽን ሣጥን አለበሰው፤ ፔዳሉ ከያረጋል እግር ሥር ሰመጠ። ያረጋል መሪውን እንደጨበጠ ወደ ቁልቁለቱ መንገድ አየ።

«ትናንት አሥራ አራት ሰው ይዤ ነበር» አለ።

ሳቢሃ መያዣውንም ቱቦውንም ቀየረች። አየሩን ስታስወጣ ያረጋል ፔዳሉን እየረገጠ ይይዝላት ነበር። ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ ስትለው ተሳፋሪዎቹ ዜማውን ያዙትና መናኸሪያው በሙሉ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ ይል ጀመር። ፔዳሉ ጠንክሮ ሲቆም እልልታው ቀለጠ። ያረጋል ባዶውን ሚኒባስ ወደ ግራ ሙሉ አዞረው፤ ሁሉም ጆሮውን ጣለ፤ አላቃሰተም። የዓባይነሽን ቲማቲም ዘይት የነካውንም ያልነካውንም ጠቅልሎ ገዛው።

ዛሬ ከዚያ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የተቀደደው ቱቦ ነው። ሳቢሃ ለገባ ሁሉ ታስዳብሰዋለች። ይህን ለምታነቡም ልመና አላት፤ «መኪና ሸጣችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የገዢውን ስልክ ፈልጉና ለአስመጪው ስጡልኝ። ደብዳቤው እናንተ ቤት ደርሶ ቁጭ ብሎ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ግን ሌላ ሰው ነው።»