ዘመም ያለው መስመር

የአስቻለች አባት ዶላሞ ግንበኛ ነበር። ካኮ ከተማ ላይ ግንብ እያቆመ ሳለ አንድ ቀን፣ "ቀጥ ያለው ይጎብጥብኛል" አለ። ዓመት ሳይሞላው ዓይኑ ጠፋ። ልጁም ጂንካ ገብታ ሴራሚክ ለጣፊ ስትሆን፣ እጁን እንጂ ዓይኑን እንዳትወርስ ትጸልይ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የአንድ ፔንሲዮን ኮሪደር ግድግዳ ልትለጥፍ ያዘች። ጥቁርና ነጭ ሴራሚክ እያፈራረቀች፣ እያንዳንዱን ረድፍ ከታችኛው በግማሽ ሴራሚክ ገፋ አድርጋ ለጠፈች። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ክፍተት ገና ሳይሞላ፣ ጨለማ ሳለ ሁሉም ቀጥ ብሎ ነበር። አመሻሹ ላይ በግራጫ ስሚንቶ ሞላችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት ስትመለስ ግድግዳው ዘምሟል። አንዱ መስመር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ይወርዳል። ውሃ ልኩን አስደገፈችው፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች፤ ልክ ነው። ውሃ ልኩን ስታነሳው መስመሩ ተመልሶ አጋደለ።

ስሚንቶ የምታቦካላት ትጊ ባልዲ ይዛ ገባች። አስቻለች ልትጠይቃት ፈራች፤ "ቀጥ ነው" ካለቻት የአባቷ ነገር ደረሰባት ማለት ነው።

"ትጊዬ፣ ምን ይታይሻል?"

ትጊ ባልዲውን አስቀመጠች። "እትዬ፣ ትናንት ምን ጠጥተው ነው የለጠፉት? ጴንጤ አይደሉ እንዴ?"

"ዘመመ?"

"ዘመመ ብቻ! እየሄደ ነው እንጂ!"

አስቻለች በእፎይታ ሳቀች። ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ዓይኗ ካልሆነ የሚያጋድለው ማነው?

ከትናንት የተለየው ስሚንቶው ብቻ ነው። በቀጭን ብሩሽ አንዱን መስመር ጥቁር ቀለም ቀባችው። እያዩት ቀና አለ።

ዓይን መስመርን እንደ ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጥሮ አይለካም፤ ቁርጥራጭ እያየ ይገጣጥማል። ጥቁሩ ከነጩ ጋር ፊት ለፊት በሚገጥምበት ቦታ ሁሉ፣ በመካከል ያለው ግራጫ ትንሽ ያጋደለ ይመስላል። አእምሮ እነዚያን ትናንሽ ማጋደሎች ቀጥሎ አንድ ረጅም ዝንባሌ ያደርጋቸዋል። ደግሞ የሚደንቀው፣ ይህን ማወቅ መስመሩን አያቃናውም!

አስቻለች የቀሩትን መስመሮች ጥቁር ቀባች፤ በሩ አጠገብ ያለውን አንዱን መስመር ግን ግራጫ ተወችው። ደህና ዓይን ዘመም አድርጎ እንደሚያየው ገብቷታል። ዛሬም በዚያ ስታልፍ ጎራ ትላለች። ዓይኗን ጨፍና ትገባለች፤ ስትገልጠው ቀጥ ብሎ ቢጠብቃት ምን እንደምትሆን አታውቅም።

እስካሁን ግን፣ ተመስገን፣ እንደዘመመ ነው።