ለጥንቃቄ የተደፈኑ ቀዳዳዎች

ወንድሜን በሰፈራችን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ለጥንቃቄ» ነው የሚሉት። በያጅ ነው። በር ሥራልኝ ብላችሁ ብትሄዱ ሁለት ማጠፊያ የሚበቃውን አራት ያደርግበታል፤ «ምነው?» ስትሉት «ለጥንቃቄ ነው» ይላችኋል። ሱሪውን በቀበቶ ታጥቆ በቀበቶው ላይ ደግሞ ገመድ ያስራል። የቤቱ በር ሦስት ቁልፍ አለው። አንድ ቀን የሦስቱንም መክፈቻ ጥሎ የገዛ ራሱን በር በገዛ ራሱ ማሽን ቆርጦ ገባ፤ ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ይህን የማወራው ሳቅ አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። አሁንም ስናገር ቆሽቴ እያረረ ስለሆነ አፌ ቢያመልጠኝ እዘኑልኝ እንጂ አትፍረዱብኝ።

ክፉ ሰው ነው አላልኩም። አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደብተሩን አስቀምጦ ብየዳ ገባ። መነጽር የሚገዛበት አልነበረውምና ዓይኑ ደም መስሎ እየመጣ እናታችን እርጥብ ጨርቅ ታደርግበት ነበር። የበላሁትም የተማርኩትም በዚያ ዓይን ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ። በሕይወቴ «ጋሼ» ብዬ የጠራሁት ሌላ ሰው የለም።

እኔ እንቁላል አከፋፋይ ነኝ። ከእርባታው ተረክቤ ለሱቆችና ለዳቦ ቤቶች አደርሳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ ፒካፕ ገዛሁ፤ ወንበሩ ገና ከነላስቲኩ ነበር። ያን ዕለት ጋሼ እንኳን ደስ አለሽ ከማለቱ በፊት ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባ። እዚያው ሆኖ ጠራኝ።

«ይህን አየሽ? ሻንሲው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።»

ሻንሲ ማለት ሞተሩም ጋቢናውም ጭነቱም የሚያርፍበት፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ወፍራም ብረት ነው። የመኪና የጀርባ አጥንት ማለት ነው። የእኔው ውስጡ ክፍት ሆኖ እንደ ቱቦ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ እየተደረገበት ሄዷል።

«ብረት ሊቆጥቡ ነው የበሱት። በዚህ ጭቃ ይገባልሻል፣ ውሃ ይገባልሻል። እኔ እያለሁማ አይሆንም» አለ።

ላሜራ እየቆረጠ አንድ በአንድ በየዳቸው። በላዩ ላይ ሬንጅ ቀባበት። እኔ መብራት ይዤለት ነበር፤ መሃል ላይም ሻይ አፍልቼ አመጣሁለት። ሲጨርስ ሥሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ አንዲት ቀዳዳ የማይታይበት ሆነ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ለደንበኞቼ ሁሉ ተኩራራሁ። ወሬው ተሰማና አዲስ ፒካፕ የገዛ ሁሉ ወደ ጋሼ ይመጣ ጀመር። ከእኔውና ከሰፈራችን ግንበኛ መኪና ጋር ዘጠኝ መኪና ደፈነ። ገንዘብ አልተቀበለም፤ «ስጦታዬ ነው» ይል ነበር።

ዘንድሮ እንቁላሌ ይሰበር ጀመር። መንገዱ ያው መንገድ፣ እኔ ያችው እኔ፤ አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ግን «እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩት እንቁላል ነው፣ ጥብሱን ራሴ እደርስበታለሁ» ብላ አሾፈችብኝ። ቀጥሎ የጋቢናው በር አልዘጋ አለ። ጋሼ በክሪክ አነሳው፣ ሥሩ ገባ፣ በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ሦስተኛው ላይ መዶሻው ሰመጠ። ሲወጣ እፍኙ ሙሉ ቀይ ዱቄት ነበር።

«አራት ዓመት!» አለ። «የድሮ መኪና እኮ ሠላሳ ዓመት ጭቃ ውስጥ ኖሮ እንዲህ አልሆነም። የዛሬ ብረት ብረት ነው? ነይ፣ የሸጡልሽ ሰዎች ጋ እንሂድ።»

ማክሰኞ ጠዋት እሳት ለብሰን እሳት ጎርሰን ሄድን። ከረባት ያሰረ ልጅ በፈገግታ ተቀበለን፤ ያ ፈገግታ ራሱ ደሜን አፈላው። አፌ የቻለውን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሼ ጠረጴዛ መታ። «ሰው ልትገድሉ ነው! እናንተ ኅሊና የላችሁም!» አለ። ልጁ መካኒካቸውን ጠራልን። መነጽሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አጭር ሰውዬ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ሥሩን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«እነዚህን ቀዳዳዎች ማን ነው የደፈናቸው?» አለ።



«የውሃ መውጫ ናቸው» አለ ሰውዬው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። «ውሃ ከላይ በየስንጥቁ መግባቱ አይቀርም። መውጫውን ከዘጋችሁበት እዚያው ይተኛና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ሬንጁ ደግሞ ከውጭ ደህና አስመስሎ ይደብቀዋል። ማን ነው የሠራው?»

እኔ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ጋሼ ሰውዬውን እያየ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ አላውቅም፤ ስንገዛውም እንዲሁ ነበር» አለ።

ክው አልኩ። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ እኮ! ሳያውቅ ተሳስቷል፤ መሳሳት የሰው ነው፣ እሱን ወዲያው ይቅር ልለው እችል ነበር። ያቺ «አላውቅም» ናት ያንገበገበችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እኔም ልጋፈጠው አልደፈርኩም፤ በሰው ፊት አንገቱን ማስደፋት ከበደኝና ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

መካኒኩ መኪናውን እንዳንነዳው ስላስጠነቀቀን ግቢያቸው ጥለነው አውቶቡስ ተሳፈርን። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የተጣላነው።

«ለምን ዋሸህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የሌሎቹስ መኪና? ስምንት ሰው ነው እኮ። የግንበኛው ፒካፕ በየቀኑ ስድስት ሠራተኛ ከኋላ ጭኖ ያን የሰፈራችንን ቁልቁለት ይወርዳል። መሃል ላይ ለሁለት ቢከፈልስ?»

አንዲት አሮጊት ከፊታችን ዞር ብለው «ልጄ፣ ባልሽ ነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ቻይው። ባል ቢሆን ይለወጥ ነበር» ብለው ዞሩ። ሌላ ቀን ቢሆን እንባዬ እስኪፈስ እስቅ ነበር።

ወርደን በእግር ስንሄድ ጋሼ ዕቅዱን ነገረኝ። ሰዎቹን ለእድሳት ብሎ ይጠራቸዋል፤ ላሜራዎቹን ማንም ሳያይ ፍቆ ያነሳል፤ ውሃው ይወጣል፤ አለቀ።

«የበሰበሰውንስ ብረት?» አልኩት። «እሱንም ማንም ሳያይ ታበቅለዋለህ?»

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«መቃብሩ ውስጥ የሚገባው ግን አንተ አይደለህም፣ ጋሼ።»

ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። «ጊዜ ስጪኝ» አለ፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆነብኝ። «በራሴ አፍ ልንገራቸው። ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

«እስከ ሰኞ» አልኩት። «ሰኞ ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። የጎረቤት መኪና እየለመንኩ እንቁላል አመላልሳለሁ፤ ማታ ማታ እደውልለታለሁ። «ነገርካቸው?» «ነገ።» ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። ሚስቱ እህል አልቀምስ ብሏል ስትለኝ «ብረት ይብላ» አልኳት። ባሌ «አንቺ ሰው፣ ደምሽ ይነሳል፣ ተረጋጊ» ሲለኝ በእሱም ላይ ጮኽኩበት። ቤቱ ውስጥ ያልተቆጣሁት ዕቃ የለም። በቁጣዬ ኩራት ቢጤም ይሰማኝ ነበር፤ ከሁለታችን እውነተኛዋ እኔ ነኝ፣ ቀንም ቆርጬለታለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እያልኩ።

ሰኞ ማለዳ ወርክሾፑ ሄድኩ። ጋሼ ልብሱን ለብሶ፣ መዶሻውን ይዞ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አልነገራቸውም። እጅጌውን ይዤ «ተነሳ፣ ከግንበኛው እንጀምራለን» አልኩት። እንደ ልጅ ተከተለኝ።

ስንደርስ ፒካፑ ከግቢው ሊወጣ ነበር። ስድስቱ ሠራተኞች ከኋላ በአካፋና በባልዲ መሃል ተቀምጠዋል። ግንበኛው መሪውን ይዞ በመስኮት ወጣ ብሎ «ለጥንቃቄ! በማለዳ ምን እግር ጣለህ?» አለው እየሳቀ።

«አንዴ ሥሩን ልየው» አለ ጋሼ፤ ሌላ ሰላምታ አልመጣለትም።

«እይ፣ እይ፤ መቼም አንተ ካላየህ አታድርም» አለ ግንበኛው።

ጋሼ መሬት ላይ ተንጋሎ ገባ። መዶሻው መታ፣ መታ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሲወጣ ቀይ ዱቄቱ ደረቱ ላይ ፈስሶ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ሻንሲው ተበልቷል» አለ ጋሼ። «ፋብሪካው...»

«ጋሼ» አልኩት።

ዓይኖቹን ጨፈነ። «ፋብሪካው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ያኔ የደፈንኩልህ የውሃ መውጫውን ነው። ውሃው ውስጡ ቀርቶ በላው። አትንዳው፣ ወንድሜ። ይሰበራል።»

ግንበኛው ከጋቢናው ወርዶ ያን ዱቄት አየ፣ ጋሼን አየ፣ የእጁን ሰዓት አየ። ሳቁ ጠፍቷል። «ዛሬ ኮንክሪት የምሞላበት ቀን ነው» አለ። «ማደባለቂያ ተከራይቻለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። አራት ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ ማለዳ ልትነግረኝ መጣህ? ከፊቴ ዞር በል። ከአንተ ጋር ማታ እንነጋገራለን።» ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

ጋሼ ሄዶ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። በሕይወቱ የሰው መንገድ ዘግቶ የማያውቅ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። «በእኔ ላይ ሂድ» አለ።

ግንበኛው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ አንባረቀ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሁለቱንም ብመታቸው ደስ ባለኝ።

መጀመሪያ የወረደችው ሲሚንቶ የምታቦካው ሴትዮ ናት። የእኔ እኩያ ትሆናለች፤ እጇ እስከ ክርኗ በሲሚንቶ ነጥቷል። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ጣቷን መዶሻው በከፈተው ቀዳዳ ስታስገባ ዳሩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ እጇ ላይ ቀረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። ግንበኛው ሞተሩን አጠፋ።

«መቼ ነው ይህን ያወቅከው?» አለችው ጋሼን። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ማክሰኞ» አለ ጋሼ፣ ከመሬት ሳይነሳ።

በነጩ እጇ መቁጠር ጀመረች። «ረቡዕ ሄድንበት። ሐሙስ ሄድንበት። ሐሙስ ልጄ አሟት ቤት ሆኖ የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ እዚህ ሲሚንቶው ከረጢት ላይ አስተኝቻት ነው የወረድነው። ዓርብ። ቅዳሜ።» ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ እህቴ?»

ሳምንቱን ሙሉ በጋሼ ላይ ስጮኽ ከርሜ ነበር። የእሱን ስም ለማትረፍ ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሐሙሱ መንገድ በእኔ ፈቃድ ነው የተኬደው።

«እኔም ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አልኳት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። አካፋዋን ከመኪናው ላይ አወረደች፤ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱን በእግሯ መውረድ ጀመረች።