የጋሽ መገርሳ ብስክሌትና ማገቻው ብረት

ሥራ የጀመርኩት ቡራዩ፣ ኦቦ ጉደታ ከሚባሉ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቁልፍም ፒንሳም አላስነኩኝም። አንድ ቸርኬ አስይዘው «አሽከርክረውና ስማው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሳሽከረክር ዋልኩ። ሲመሽ «ምን ሰማህ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኳቸው። «ጋሪዳ! ጥሩ ነው፤ ደህና ጎማ ምንም አይልም» አሉና ነገም እንድመጣ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት የጎማ ሽቦ፣ ራጂ የምንለውን፣ ወጥሬአለሁ፣ ስንት ካቴና ቆርጬ ቀጥያለሁ። ሰበታ ላይ የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ባለሞተሩ ብስክሌት መጣ። ሞተሩ ጎማው መሀል የሚቀመጥ ክብ ነገር ነው። ራጂዎቹ እሱ ላይ ይወጠራሉ፣ ባትሪው ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፣ መሪው ላይ ያለውን መስጫ ሲጠመዝዙት ጎማው ራሱ ይሄዳል። የነዳጅ ሰልፍ ያንገሸገሸው ሁሉ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሱቄ ይመጣ ጀመር።

መከራው ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ላይ ነው። የሞተሩ ሆድ ሰፊ ስለሆነ ዲስኩን የሚነክሰውን ካሊፐር ይነካዋል። በአካባቢያችን የተለመደው መላ የኋላውን ፍሬን አውልቆ መገላገል ነበር። «የፊተኛው ይበቃል» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሞተርና ባትሪ ተጭኖበት በከበደ ብስክሌት ላይ ፍሬን ይቀነሳል እንዴ?

ጋሽ መገርሳ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ የሩጫ አሠልጣኝ። ብስክሌታቸውን ሚኒባስ ላይ አስጭነው ሰበታ ድረስ መጡ። ዓመታት ሙሉ ሯጮቹን ያሠለጠኑት በብስክሌት ከጎናቸው እየሄዱ፣ ሰዓት እየያዙ፣ እየጮሁባቸው ነው። አሁን ግን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል።

«ዳገት ላይ ጥለውኝ ይሄዳሉ» አሉኝ። «እኔ ካልተከተልኳቸው ደግሞ የሚከተላቸው ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ለማ።»

ይህን ሲሉ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ስለ ዲስኩ ችግር ስነግራቸው ግን ለአፍታም አላመነቱም። «አውልቀው፤ ይቀለኛል» አሉ።

«ቁልቁለቱን በምን ሊይዙት ነው?»

«ፊተኛው አለ አይደል?»

«ሂን ታኡ፣ አይሆንም! ፍሬኑ ከወለቀ ሞተሩን አልገጥምም። ይዘውት ይመለሱ።»

ሳቁብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ከሚስቴ ትብሳለህ! በል እንደፈቀድክ።»

ዲስኩን ከድሮው ጎማ ፈትቼ ሞተሩ ላይ አሰርኩት። እንደጠረጠርኩት ካሊፐሩ የሞተሩን ክዳን ፋቀ። በዲስኩና በሞተሩ መሀል ቀጫጭን የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አስገብቼ ዲስኩን ወደ ውጭ ገፋሁት፤ ቡሎኖቹንም ረዘም ባሉ ለወጥኳቸው። ከዚያ ካሊፐሩን የያዙትን ቡሎኖች አላላሁ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨብጬ እንደያዝኩ መልሼ አጠበቅኋቸው። እጀታውን ስለቀው ዲስኩ ከግራም ከቀኝም ሳይነካ መሀል ላይ ቆመ። ፍሬኑ ላይ ስላሸነፍኳቸው ረክቼ ነበር።

የቀረው ማገቻው ነበር። የሞተር ዘንግ በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሬሙ ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ ዘንጉ ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል። ፍሬሙ እንደ እሳቸው ብስክሌት አልሙኒየም ከሆነ ክፍተቱን አስፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ዘንጉን ጨብጦ የሚያግት ጠንካራ ብረት ከፍሬሙ ጋር እናስራለን። «ይህ ብረት እንዳይነካ፣ ዘንጉን የያዘው እሱ ነው» አልኳቸው። «እሺ» አሉ።

ብዙም ሳይቆዩ ደወሉልኝ። «ለማ፣ ዛሬ ዳገቱ ላይ ሐዊን ቀደምኳት! ሰደበችኝ!» ሐዊ ከሚያሠለጥኗቸው ሁሉ ፈጣኗ ናት። ስልኩ ውስጥ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ያን ቀን ሥራው ሁሉ ቀሎኝ ዋለ።

ቀጥላ የደወለችው ራሷ ሐዊ ናት። «ጋሼ ወደቁ» አለችኝ። ዳገት ላይ ሊደርሱባት መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲጠመዝዙት የኋላው ጎማ ከፍሬሙ ወጥቶ ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ሱሉልታ ስደርስ ከሰውየው በፊት ብስክሌቱን አየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ዲስኩ ደህና ነው፣ ካሊፐሩም በቦታው ነው። ዘንጉ ግን ዞሮ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ጠምዝዞ በጥሷቸዋል። ማገቻው የለም። የታሰረበት ቡሎን ብቻውን ተመልሶ በሥርዓት ጠብቋል።

«አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ እየሰጠሁ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ጋሽ መገርሳ በጀርባቸው ተኝተዋል።

«ብረቱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ልጆቼን የቤት ቁልፍ እንኳ ይዛችሁ አትሩጡ እላለሁ። የጆሮ ጌጥ አስወልቃለሁ። እኔ ምን ቆርጦኝ ብረት ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ? ፍሬኑን ማውለቅ ስትከለክለኝ ሌላ የሚቀነስ ፈለግሁ።»

«እንዳይነካ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ብለኸኛል። ግን ሥራ ሲሠራ አላየሁትማ! ዝም ብሎ የተቀመጠ ብረት ነው።»

ስገባ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱ እዚያው አለቀና ሐዘኑ ብቻ ቀረብኝ።

ጋሽ መገርሳ ከአልጋ ተነሥተዋል፤ በክራንች ነው የሚሄዱት። ብስክሌት ላይ ግን ዳግም አልወጡም። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ አሠልጣኝ ሄዱ። በመጨረሻ ሐዊም ሄደች።

«ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉኝ ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ። «አልሄድም ብላ አለቀሰች። ግን የምትሮጥበት ዕድሜዋ አሁን ነው፤ እኔን ተቀምጣ ትጠብቅ?»

አሁን ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩት አሮጌ ፍሬም ሱቄ ውስጥ አለ። ማንም ሞተር ሊያስገጥም ሲመጣ እዚያ ላይ ሞተር ያለ ማገቻ አስራለሁ። ፍሬኑን ጨብጬ መስጫውን እጠመዝዛለሁ። ዘንጉ ሲዞርና ክፍተቱን ሲያሰፋው ደንበኛው በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ነው የእሱን ብስክሌት የምነካው።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፤ «አትንኩ» ማለት አይበቃም። ሰው ሥራውን ያላየውን ብረት ትርፍ ነው ብሎ ይፈታዋል። መጀመሪያ አሳዩት፣ ከዚያ እሰሩለት።