«ለውስጥ ነው» ብዬ የገዛሁት ማሸጊያ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ ለጓደኞቼ አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸው ጾም መሻሬን ጠየቁኝ፣ ከወንድሜ ጋር መጣላቴን ጠየቁኝ፤ ስለ መስኮት ማሸጊያ ግን ማን ይጠይቃል? እኔም «ሌላ የለም አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። አሁን ግን መጻፍ እንደምችል ደርሼበታለሁ። ዓረፍተ ነገር እሺ ብሎ ሲታዘዘኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም! እንግዲህ መጻፍ ከቻልኩ መጀመሪያ መጻፍ ያለብኝ ይሄንን ነው። እያለቀስኩ እንድጽፈው የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ይወቀው፤ አላለቅስም።

ቤታችን ጉለሌ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከእንጦጦ የሚመጣው ዝናብ እኛ ጋ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ነፋሱ አጋድሞ ያመጣና የፊት ለፊቱን መስኮት ይደበድበዋል። መስኮቱ ብረት ነው። በብረቱና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን ስንጥቅ ነበረው፣ ከሥሩ ደግሞ የእናቴ የስፌት ጠረጴዛ አለ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክረምት ሲመጣ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛዋን እየገፋች፣ ጆንያ እየጎዘጎዘች፣ «ብሩክ፣ ኧረ ይሄን መስኮት አንድ በለው!» ትላለች።

ብሩክ ታላቅ ወንድሜ ነው። አልሙኒየም ቤት ይሠራል። ሲሊኮን የሚገፋበት ብረት፣ እኛ ሽጉጥ የምንለው፣ አልጋው ሥር ተኝቷል። «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» ይላል። ቅዳሜ ይመጣል፣ ብሩክ ኳስ ያያል።

«እኔ ልሥራው» አልኩት አንድ ቀን።

እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ? አንቺ ጥፍርሽን ቀቢ የኔ እመቤት።»

«ካንተ አሳምሬ ነው የምሠራው።»

«እሺ ኮንትራክተር! አዳማ ሥራ አለብኝ፣ ቅዳሜ ነው የምመለሰው። ስመጣ ካለቀ ካልሲሽን አጥባለሁ።»

በቃ። ካልሲዬን ሊያጥብ ነው! ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሰዒድ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሰዒድ ከእኛ መንገድ ማዶ ቀለም፣ ምስማር፣ ቧንቧ ይሸጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ይሄ ለምንድን ነው? ያኛውስ?» እያልኩ ስለማስቸግራቸው ስም አውጥተውልኛል።

«ኢንጂነሯ! ዛሬ ደግሞ ምን ልናፈርስ ነው?»

«ስንጥቅ መድፈኛ ፈልጌ ነው።»

«ለውጭ ነው ለውስጥ?» አሉና ሳልጠይቃቸው ማስረዳት ጀመሩ። የውጩ ሲደርቅ እንደ ጎማ ነው፤ ብረቱ በፀሐይ ሲሰፋ፣ በብርድ ሲኮማተር አብሮት ይለጠጣል። ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የውስጡ ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ግን ሆዱ ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይወርዳል። «የውጩ አልቆብኛል፣ ወላሂ። ለውጭ ከሆነ ሰኞ ነይ፣ ከመርካቶ አመጣልሻለሁ።»

ጋሽ ሰዒድ ወላሂ ሳይሉ ምስማር አይሸጡም። ሰፈሩ ይቀልድባቸዋል።

ሰኞ! ብሩክ እኮ ቅዳሜ ነው የሚመጣው።

«ለውስጥ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሳሎን ግድግዳ ነው ጋሽዬ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። አልተሳሳትኩም፣ አልረሳሁም፣ አላምታታሁም። አንድ ሰው ቆሞ ልዩነቱን አንድ በአንድ አስረዳኝ፣ እኔም ገብቶኝ ዋሸሁት። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ሥራውን ግን ብታዩት! ያን ቀን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ነበር። አሮጌውን ስቱኮ በቢላ ፋቅሁ። አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ብረቱን በጨርቅ አደረቅሁ። የማሸጊያውን አፍ ሰያፍ ቆረጥኩና ሽጉጡን ሳላቋርጥ፣ ትንፋሼን ይዤ ከላይ እስከ ታች ሳብኩ። ጣቴን ሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አለሰለስኩት። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ እንደ አዲስ ጥለት። ቅዳሜ ብሩክ መጥቶ ዙሪያውን አየ፣ በጣቱ ነካ። ከዚያ ሄዶ ካልሲዬን አጠበ! ደስታዬን አልደብቅም፣ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

እሑድ እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ላይ እያለን ዝናቡ ወረደ። ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስል ነበር። ማሸጊያው ላዩ ቆዳ አውጥቷል እንጂ ሆዱ እርጥብ ነበር፤ ታጥቦ ወረደ። ከኋላው የመጣው ውሃ ደግሞ የብረቱን ዝገት ይዞ ተሰፍተው ባለቁት ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዞች ላይ ተኛ። እናቴ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። አልጮኸችም። «ዕቃው ነው» አለች። «አንቺማ አሳምረሽ ሠርተሽው ነበር።»

ሰኞ ዝገት የነካውን ሸሚዝ ይዛ ወደ ጋሽ ሰዒድ ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ።

«ጋሽ ሰዒድ፣ በመድኃኔዓለም፣ ውሃ የማይችል ነገር ለመስኮት ይሸጣል? ምን ብለው ነው ለልጄ የሰጧት?»

ጋሽ ሰዒድ እናቴን አዩ። ሸሚዙን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ የምስማሩን ባልዲ አየሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው፤ «ለውስጥ ነው ብላኝ ነው» ቢሉ ያልቅ ነበር። ሲጠብቁኝ ነበር መሰለኝ። እኔ የምስማሩን ባልዲ ማየቴን ቀጠልኩ።

«ተሳስቼ ይሆናል አልማዝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን አትቆጫት።» ያን ጠዋት ካመጡት የውጭ ማሸጊያ አንዱን አንሥተው በእጄ አስያዙኝ፤ ሂሳብም አልተቀበሉም።

ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ «አየሽ?» አለችኝ። «ስለ እያንዳንዷ ምስማር ወላሂ የሚሉት ሰውዬ ዛሬ ወላሂ አላሉም። ጥፋታቸውን ያውቁታል ማለት ነው።»

ወላሂ ያላሉት ለምን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። እኔን ሊሸፍኑ ያሉት ነገር ውሸት ስለሆነ ነው። በውሸት አይምሉም። እናቴ ግን ያንን ዝምታ ማስረጃ አደረገችው፤ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ ነገረችው። «ያለፈበት ዕቃ ይሸጣሉ፣ ስጠይቃቸው መማል አቃታቸው።» ሰዉ ምስማር ለመግዛት ታችኛው ሱቅ ድረስ መውረድ ጀመረ። እናቴ እስከ ዛሬ በጋሽ ሰዒድ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እኔስ? እኔ ሰላም እላቸዋለሁ። እሳቸውም «ደህና ነሽ ልጄ» ይላሉ። ኢንጂነሯ ብለውኝ አያውቁም፣ ከዚያን ቀን ወዲህ።

እሺ፣ ልጅ ስለነበርኩ ነው? ውጭና ውስጥን የማይለይ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለ? ፈርቼ ነው? እናቴ እኮ አትመታም። እውነቱ የባሰ ነው፤ «አሳምረሽ ሠርተሽው ነበር» ስትለኝ ደስ አለኝ። የእኔ ሥራ ተመስግኖ የእሳቸው ስም ሲበላሽ ቆሜ አየሁ፣ ምስጋናውንም ለራሴ አስቀረሁት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እኔ።

ስለ ሽጉጡ ግን ይቅርታ አልጠይቅም! ብሩክ አሁንም «ለእኔ ብትተዪው ኖሮ» ይላል። ብተወውማ እናቴ እስከ ዛሬ ጆንያ ትጎዘጉዝ ነበር። ጋሽ ሰዒድ በሰጡኝ ማሸጊያ መስኮቱን እንደገና የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቄ፣ የታጠበውን ሁሉ ፍቄ፣ እያንዳንዱን መስመር አቼቶ እየሸተተኝ። ሁለት ክረምት አልፎበታል፣ ጠብታ አላስገባም። ባለፈው ዓመት በሩንም ሠራሁት። የእህቴ ልጅ ጠይቃኝ ሽጉጥ አያያዝ እያስተማርኳት ነው፣ ጥፍሯንም ቀብታለች። ጥፋቴ መሥራት መፈለጌ አይደለም። ጥፋቴ ውሸቱ ነው፣ ከውሸቱ ደግሞ ዝምታው ይብሳል። አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሚቆጣኝን አልሰማም።

ነገ እናቴን እጇን ይዤ መንገዱን አሻግራታለሁ። ወዴት እንደምንሄድ አልነግራትም፤ ከነገርኳት አትመጣም። ሱቁ ውስጥ ሰው ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው፤ ስማቸው በሰው ፊት ነው የጠፋው። «ልጅነት ነው፣ ምንም አይደል» እንዲሉኝ አልፈልግም። ኢንጂነሯ እንዲሉኝም አልለምንም፤ ካሉኝ ሲያምኑኝ ይበሉኝ። የምስማሩን ባልዲ አላይም። ዓይናቸውን አይቼ፣ እናቴ እየሰማች፣ ያን ዓርብ ጠዋት ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱን እሰጣቸዋለሁ።

ለውጭ ነበር፣ ጋሽ ሰዒድ። ለውጭ።