ሽጉጥ የሰፋሁበት ካፖርት

ለትንሹ ልጃችን ሚስት ልንጠይቅ ከቢቸና ሞጣ ልንሄድ ነው። ልጁ ልጅቱን ወዶ እህል አስጠልቶታል፤ እሷም ወዳዋለች። የቀሩት አባቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አስቀድመው መልእክት ላኩብን። «ሽማግሌ ይምጣ። መሣሪያ የያዘ ሰው ግን ደጄን እንዳይረግጥ፤ ከረገጠ ልጄን አልሰጥም።» ወንድማቸውን የሰርግ ተኩስ ነው የበላባቸው። እውነታቸውን ነው።

ባሌ ይህን ሲሰማ ያመመው መሰለ።

«ባዶዬን ልሂድ? ሱሪህን አውልቀህ ሂድ በይኛ!»

«ሱሪህንስ ማንም አይመኘውም፤ ሂድ» አልኩት።

መች ሰማኝ። መጀመሪያ ጠመንጃውን ካፖርት ለብሶ ከሥር ሞከረው፤ አፈሙዙ ባንገቱ ወጣና ከጆሮው ጎን ቆመ። ተወው። ወንድሙ ጠፍጣፋ ሽጉጥ አመጣለት፤ እሱ ዘንድ ደግሞ የአባቱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለች፤ ሆዷ እንደ ወር የገባች ሴት የተነፋ። ለመደበቅ የትኛው እንደሚሻል ዶሮም ያውቃል። እሱ ሆዳሟን መረጠ።

«አባቴ እናቴን ሲጠይቅ ይችን ይዞ ነው የሄደ።»

ጥይት እንኳ የላትም እኮ! አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለሷ የሚሆን ጥይት በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

«ባዶ ብረት ደብቀህ ምን ልትሆን?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ ስፊ ብቻ።»

ሰፋሁ። መጀመሪያ በጎኑ ኪስ አበጀሁና፣ ሰው ይለየው እንደሆነ ልይ ብዬ በሽጉጧ ፈንታ ድንች በጨርቅ ጠቅልዬ ከትቼ ገበያ ላክሁት። በጾም ነው። ጎረቤቶቼ በሙሉ «ባልሽ አረቄ ይዞ ይዞራል» አሉኝ። ፈታሁት። ቀጥሎ በብብቱ ሥር አደረግሁት፤ ክንፏ እንደተሰበረ ዶሮ አንድ እጁን አንስቶ ቀረ። እሱንም ፈታሁ። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ፣ ከወገቡ ዝቅ አድርጌ፣ ጥጥ ጎዝጉዤ፣ በጆንያ ክር ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁት። ቆመ፣ ዞረ፣ ሄደ፤ ምንም አይታይ። «እጅሽ ይባረክ!» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

የልጁ አባት ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም ይባላል። የኔው አልቀርም አለ፤ እኔም እሱን ብቻውን አልለቅም አልኩ። ሁለት ጎረቤት ሽማግሎች ጨምረን በመኪና ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሞቀኝ ብሎ ካፖርቱን አውልቆ እንደ ሕፃን ታቀፈው፤ ሞጣ ስንደርስ ለበሰው።

የልጅቱ አባት ቤት ገባን። በወጉ ቆምን።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሎቻችን፤ ተናገሩ። አባትየው «እንግዲህ ልጁ ልጄ ነው። ተቀመጡ» አሉ። እልል አልኩ። ሁላችን ተቀመጥን። ባሌ ወንበሩን ነካና ዘሎ ቆመ።

ለካስ ስሰፋ መቀመጥ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼዋለሁ።

«ምነው፣ ምን ቀረዎ?» አሉት አባትየው።

«ኧረ ምንም» አለ ላብ እያጠመቀው።

«ገባኝ። ቀን ሳይቆረጥ አልቀመጥም ነው። ሰርጉን ለከርሞ ነበር ያሰብሁ፤ እሽ፣ በጥር ይሁን።»

ባሌ እጅ ነሳ፤ አልተቀመጠም።

«ጥሎሹንም ቢሆን ትቻለሁ!»

እጅ ነሳ። ቆመ።

«እንዲህ ያለ ጽኑ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አሉና እሳቸውም ተነሱ፤ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥማ። ሚስታቸው ተነሡ፤ ሽማግሎቻችንም ተነሡ። ወጡ በሰሐን ቀርቦ ይቀዘቅዛል፤ እኛ እንደ ቅዳሴ ቆመናል።

ከዚያ የልጅቱ እናት «ምስኪን፣ ካፖርቱ ከብዷቸው ነው፤ ላውልቅልዎ» ብለው ትከሻውን ያዙት። እጃቸው ብረቱን ቢነካ ልጄ ሙሽሪቱን አጣ ማለት ነው። ከሚያገኙት ልንገራቸው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ሳቅ ቀድሞኝ ወጣ።

«ምን አሳቀዎት እመቤቴ?» አሉ አባትየው።

«ጌታዬ፣ ሰውየው ጽኑ ሆኖ አይደለም። የአባቱን ሽጉጥ ከመቀመጫው ላይ ሰፍቼበት ነው!»

ባሌ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ካፖርቱን አወለቀ። አባትየው ካፖርቱን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት።

«ጥይት አላት?»

«አባቴ ከሞተ ወዲህ የላትም» አለ ባሌ።

«ታዲያ ለምን?»

«ባዶዬን ስሄድ... ጀርባዬን ይበርደኛል።»

አባትየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ አሸነፋቸው። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ሚስትዎ ባይናገሩ ኖሮ ሁላችሁንም በመጣችሁበት እመልሳችሁ ነበር። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ካፖርቱ ግን እዚሁ ይቀራል። የልጅ ልጅ ያሳዩኝ ቀን ይወስዱታል።»

ያኔ ባሌ ተቀመጠ። እንዴት ያለ አቀማመጥ! ሦስት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላ።

በካፊያ፣ በሸሚዙ፣ ከኔ ጋር አንድ ነጠላ ተጋርቶ ቢቸና ገባ።

ሰርጉ በጥር ሆነ፤ ልጆቹ አሁን ሉማሜ ነው የሚኖሩ። ባሌ በየእሑዱ ይደውላል። ስለ ልጁ አይጠይቅ፣ ስለ ሥራቸው አይጠይቅ፤ በቀጥታ ምራታችንን ያስጠራል።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ? ማቅለሽለሽ ነገር የለም?»

እሷም እንደኔው ባለጌ ናት፤ «የለም አባባ፤ ይልቅ ክረምቱ ደረሰ፣ ሌላ ካፖርት ይግዙ» ትለዋለች።