«ለስላሳ ነው» ብዬ የቀዳሁት ወይን

በሆላንድ ምድር የትኛው ወይን ከየትኛው ወጥ ጋር እንደሚሄድ የሚያውቅ ሐበሻ ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ስፔኖቹ ራሳቸው ግራ ሲገባቸው እኔ ጋ ነው የሚደውሉት። እውነቱን ላውጣ ካልኩ ግን የማውቀው ወይን አንድ ብቻ ነው፤ ጣፈጥ የሚል ርካሽ የስፔን ቀይ። አምስተርዳም አስተናጋጅ ሳለሁ አለቃዬ ለእንግዶች ሲያወራ የሰማሁትን ነው ይኸው እስከ ዛሬ የምቸረችረው። ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ፤ ደረቁ፣ ስኳር አልባው ወይን ከበርበሬ ጋር ይጣላል፣ ይሄኛው ግን ያስታርቃል፤ ለዶሮ ወጥ፣ ለቋንጣ ፍርፍር፣ ለጎድን ጥብስ እሱን ነው። ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። በዚያው ወይን ያደረግሁትን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናገር።

ታዴ ጓደኛዬ ነው። ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ትራም ይነዳ ነበር። መጠጥ ሊገድለው ደርሶ፣ በሚስቱ በአልማዝ እንባና በጠበል ተላቆ፣ ሁለት ፋሲካ ያለ አንድ ጠብታ አሳልፏል። እኔም ይህን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር! ባላውቅማ ስህተት ብዬ በተገላገልኩ።

ዞተርሜር ከተማ፣ እኔ ቤት፣ የልጄ ክርስትና ላይ ነው። ወይኑን በጆግ ገልብጬ፣ በረዶና ብርቱካን ጨምሬ፣ ጭማቂ አስመስዬ አዞርኩት። ታዴ ጋ ስደርስ ዶሮ ወጡ አቃጥሎት እፍ እፍ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለስላሳ ነው።»

«አልኮል የለውም አይደል? እንዳትጫወትብኝ!»

«አንተ ደግሞ! ለስላሳ ነው አልኩህ እኮ፣ ጠጣ!»

ዋሸሁ እንዴ? ለጉሮሮ ለስላሳ ነዋ! ቀልዱ በቃ ይቺው ነበረች። ሲጨርስ «ወይን እኮ ነው!» ብዬ ቤቱን በሳቅ ላፈርሰው። እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ እኔ ነኝ የቀዳሁት።

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል። ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። ያኔ መተው አልችልም ነበር? እችል ነበር። ደግሜ ቀዳሁለት።

ክረምቱ ሳይወጣ ሥራ ላይ አፉ ሸተተ፤ ከትራሙ አወረዱት። አልማዝ ሽማግሌ ስትሰበስብ ማንን የጠራች ይመስላችኋል? «አንተን ይሰማሃል» ብላ እኔን! ሄድኩ። በሁለት ሽማግሌዎች መሀል ሶፋው ላይ ተደላድዬ «ምነው ታዴ፣ ለልጆችህ ስትል እንኳ?» ብዬ መከርኩት። እኔ! ምን ዓይነት ፊት ቢኖረኝ ነው?

አልማዝ ከወንበሯ ተነሳች። «ማነው መልሶ ያስጀመረህ? እነሱ ፊት ተናገር!»

ታዴ አየኝ። ከዚያ ምንጣፉን አየ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

ለወትሮው ዝጋ ቢሉት የማይዘጋው አፌ ያን ቀን ተለጎመ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩትን ደግሞ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ደረጃውን ስንወርድ ሁለቱ ሽማግሌዎች ለታዴ እያዘኑ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ስሜን ስላልጠራ ደስ ብሎኝ ነበር።